ያልረገፈው ጀራንየም

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ሰይፈ ሚካኤል፤ ለእኔ ግን ለአባቴ፣

ይፍቱኝ አባ። ቆብ ከደፉ ወዲህ አባትሽን «አንተ» ማለት ነውር ነው ብላ አክስቴ ስለገሠጸችኝ ይኸው «እርስዎ» እያልኩ ነው። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ከንቲባውንም «አንተ» እንደሚል እርስዎ ያውቃሉ። መሐል ላይ ቢያመልጠኝ እንደ ኃጢአት አይቁጠሩብኝ።

ለመስቀል ለምን ቀረሽ ላሉኝ፣ ይቅርታ። አበቦቼን ለማን ትቼ ልምጣ? «ለመሆኑ አበባው ውስጥ ምን ከተትሽበት?» ላሉት ደግሞ በግልጽ ልንገርዎት፤ እዚያ ገዳም ተቀምጠው ክፉ ነገር ከሚያስቡ። ጀራንየም ሲሞቀው፣ በካርቶን ሲታሸግ፣ መኪና ሲያንገጫግጨው አበባው ይረግፋል። ድርጅታችን ወደ ውጭ ልላከው ቢል ገበያ የሚደርሰው ዘንጉ ብቻ ነው። እኔ ያደረግሁት፣ «እርገፍ» የሚለውን መልእክት እንዳይሰማ የሚያደርግ ዘረመል ከሌላ ተክል ወስጄ ለጀራንየሙ መስጠት ነው። የቅጠሉን ቁራጭ አንድ የአፈር ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ እንነክረዋለን፤ ዘረመሉን የሚያስገባልን ባክቴሪያው ነው። ከዚያ ቁራጩን ብልቃጥ ውስጥ፣ መድኃኒት የተቀላቀለበት ምግብ ላይ እናስቀምጠዋለን። ዘረመሉን ያልተቀበለው ገርጥቶ ይሞታል። የተቀበለው ቡቃያ ያወጣል። ከዚያች ቅንጣት ቅጠል ሙሉ ተክል እስኪሆን ማሳደግ ነው ቲሹ ካልቸር የምንለው። ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ግሪን ሃውሱ ውስጥ አብበው ቆመዋል፣ ሲያዩዋቸው ያስቀናሉ። የመንግሥት ፈቃዱ አንድ ነገር አጥብቆ ያዛል፦ ጥናቱ እስኪያልቅ ከግሪን ሃውሱ አንዲት ቅጠል እንዳትወጣ።

ወጣች፣ አባ።

ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ወደ ቤት ስገባ አንድ በረንዳ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጀራንየም አየሁ። አበባው ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ ግን ዘንጉን የሙጥኝ ብሎ ይዟል። ሌላ ጀራንየም ቢሆን ኖሮ ወለሉ ላይ ተዘርግፎ በመጥረጊያ ይወጣ ነበር። ቅጠል ለምኜ ወሰድኩና በመፈተሻችን ፈሳሽ ነክሬ አሳደርኩት። ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ያ ሰማያዊ ከዘረመሉ ጋር አብረን ያስገባነው ምልክት ነው፤ በሌላ ጀራንየም ላይ አይመጣም።

ባለቤቲቱን ማን ሰጠሽ ብላት ጎረቤቴ አለችኝ፤ ጎረቤቷ እህቴ አለች፤ እህትየዋ መልካ ጀብዱ ያለች ወዳጇን ጠራች። የእኛን አገር ሰው ያውቁታል፤ አበባውን ያደነቀ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፣ ቀንጥሰው ይሰጡታል። መጨረሻ ላይ ዝናሽ የምትባል ነጋዴ ዘንድ ደረስኩና መንገዱ ቆመ። ከከተማ ወጥታለች፣ ስልኳም ዝግ ነው። ሰኔ ላይ ድርጅቱን ሊጎበኙ ከመጡት እንግዶች አንዷ ነበረች። ያን ቀን እኔ ሐረር ልቅሶ ላይ ነበርኩ።

ዘበኛችን ሮብሌ ግን በሩ ላይ ነበር። «ወላሂ የሺ፣ ጋሽ ቀመር ራሱ በመቀስ ቆርጦ ለሴትዮዋ ሰጠ። እኔ አበባ ሰርቄ ምን አደርጋለሁ? ፍየል እንኳን አይበላውም» አለኝ። ቀመር ሥራ አስኪያጃችን ነው። ተክሉ መውጣቱን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እኔ ራሴ አመለከትኩ፤ በሕጉ ግዴታዬ ነው። በማግስቱ ቀመር አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። ሮብሌ ቅንጣቢ ሰርቆ ለሰው ሸጧል ይላል፤ የግሪን ሃውሱ ኃላፊ ስለሆንኩ እኔ ልፈርምበት ነው። ከፈረምኩ ድርጅቱ የተሰረቀበት ሆኖ ፈቃዱ ይጸናል፣ አበቦቼም ይተርፋሉ፤ ሮብሌ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። ካልፈረምኩና ድርጅቱ ራሱ መስጠቱ ከተረጋገጠ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ እያንዳንዷ ተክል ትቃጠላለች።

ምን ይመክሩኛል? መልሱን ሳልጠብቅ የምፈርም እንዳይመስልዎት። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ወረቀት አቧራ እየጠጣ ነው።

ሹፌሩ ዐብዲራሕማን የገዳሙን ጨውና ዘይት ይዞ ሲወጣ ይህን ያደርስልዎታል። መልሱን በእሱው ይላኩልኝ።

ልጅዎ የሺአረግ


ከገዳሙ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለየሺአረግ ሣህሉ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስለ ጉልበቴ መጠየቅሽን ዐብዲራሕማን ነግሮኛል፤ ጉልበት እንደሆነ ያረጃል፣ ተይው። የላክሽልኝ ሹራብ ደርሷል። ለሌላ አባት ሰጥቼዋለሁና አትቆጪኝ፣ እሱ ከእኔ ይልቅ ይበርደዋል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጄ፣ እኔ በምድር ባቡር ስሠራ ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ አለቃውን የተጋፋ ሰው ጡረታውን ሲበላ ግን አላየሁም። ሐሰት ፈርሚ አልልሽም። ፈርሚ ብልሽ ቆቤ ራሴ ላይ አይረጋም። ነገር ግን «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምተሻል። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ታምሜአለሁ ብለሽ ፈቃድ ውጪ። አንቺ ተኝተሽ ሳለ ቢሯቸው ያለ ሌላ ሰው ይፈርም፤ ኃጢአቱም የፈረመው ይሆናል። አንቺ ስትመለሺ አበባሽ ቆሞ ይጠብቅሻል። ይህን የምልሽ ፈሪ ስለሆንኩ ነው ብትዪኝ አልክድም፤ አንድ ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ?

አበባው እንዳይረግፍ ማድረግሽን ግን ልቤ እሺ አላለውም። አበባ የሚረግፈው ሰው አይቶ እንዲማርበት መስሎኝ ነው የኖርኩት። ይህን ለሌላ ጊዜ እንተወው፣ አሁን ጭንቅ ላይ ነሽ።

እዚህ ደግሞ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ፤ ምእመናኑም ከወትሮው ይልቅ በዝተዋል። ነገሩ ሲጠራ እጽፍልሻለሁ።

ጸሎቴ ከአንቺ ጋር ነው።

አባትሽ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ይፍቱኝ። በዚህ ደብዳቤ ብዙ የሚፈታ ነገር አለ።

ደኅና ነኝ አባ። ጉንፋን እንኳን የለኝም፤ እንዲህ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ አልሄድም። እኔ ተኝቼ ሌላው ቢፈርም ሮብሌ የሚታሰረው ያው ነው፤ ልዩነቱ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ መስማቴ ነው። ይህን ምክር ሌላ ሰው መክሮኝ ቢሆን ደብዳቤውን ቀድጄው ነበር። የእርስዎ ስለሆነ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ግን አናዶኛል፣ በጣም አናዶኛል። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ያልሰበርኩትን መስተዋት ሰበርሽ ተብዬ ስመታ አስተማሪው ድረስ የሄዱት እርስዎ አልነበሩም? ሮብሌ የሚሄድለት አባት ስለሌለው ነው?

«ለመሆኑ አለቃሽን አናገርሽው ወይ» ብለው በዐብዲራሕማን ላስጠየቁኝ፣ አናግሬዋለሁ። ወረቀቱን መለስኩለት። ቀመር ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህንን ይወቁልኝ። ሲፈራ ነው የሚከፋው። ስለ ሠራተኛው ብዛት፣ ስለ ባለሀብቶቹ፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ስለሚበተነው ሰው ብዙ ነገረኝ። ሁሉም እውነት ነው። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦

«አቦ የሺ፣ ለአንድ ዘበኛ ብለሽ ሦስት ዓመትሽን ታቃጥያለሽ?»

«ቢሰርቅ ኖሮ ዛሬውኑ እፈርም ነበር» አልኩት። «አልሰረቀም። ማን እንደሰጠ ደግሞ አንተ ታውቃለህ።»

ምስክር አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም። የሮብሌ ቃል ከሱ ቃል ጋር ሲመዘን የት እንደሚወድቅ ሁለታችንም እናውቃለን። ዝናሽ የተባለችውን ሴት እስካሁን አላገኘኋትም። መርማሪዎቹ ጥር መጨረሻ ላይ ይመጣሉ ተብሏል።

ሮብሌን የደንብ ልብሱን አስረክብ ብለው ከሥራ አገዱት። አስረከበ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ከግቢው ማዶ ኒም ዛፍ ሥር ሽርጡን አስተካክሎ ተቀምጧል። ድሮ ተረኛ በሚሆንበት ሰዓት ይመጣል፣ ተረኛነቱ በሚያልቅበት ሰዓት ይሄዳል። ምን ትሠራለህ ብዬ ስጠይቀው ሌባ ይሸሻል፣ እኔ እዚሁ ነኝ አለኝ። ቀመር መኪናውን ይዞ ሲወጣ በየቀኑ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ። አሁን አሁን በኋላ በር መውጣት ጀምሯል።

እኔም የምመስለው ሮብሌን ነው። የሚቆጡ ከሆነ ይቆጡ። ደስ የሚያሰኘውን ነገር ግን ለምን ደበቁኝ? አሁን ደስ የሚል ወሬ ቢያገኘኝ አልጠላም።

የሺአረግ


ከገዳሙ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንኳን ለጌታ ልደት አደረሰሽ። ስለ ሕመም የመከርኩሽን ምክር እንዳልተጻፈ ቁጠሪው። ተቆጥተሽ የጻፍሽውን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ እናትሽን ያየሁ መሰለኝና ሣቅኩ። ሣቄ ግን ብዙ አልቆየም። ደስ የሚያሰኘውን ነገር ይጻፉልኝ ብለሻል። ደስታው ወደ ምን እንደተለወጠ ስሚ።

ጥቅምት ላይ አንዲት ሴት ለሱባኤ ስትመጣ በጣሳ የተተከለ ጀራንየም ይዛ መጣች። ለእመቤታችን ስጦታ ነው አለች። አትክልቱን የምጠብቅ እኔ ነኝና ተቀብዬ ደጀ ሰላሙ አጠገብ አኖርኩት። በነቢያት ጾም አበበ። ቀዩ አበባ ሳይረግፍ ሳምንት ሄደ፣ ሌላም ሳምንት ሄደ፣ ጾሙም አለቀ። ምእመናኑ «አብሮን ጾመ» አሉ። ከዚያ ወሬው ተራራውን ወርዶ ሄደ፤ ሰዉ ይጎርፍ ጀመር። አበምኔታችን ጣሳውን ወደ ቤተ መቅደሱ በር አስጠጉት። እኔም ብሆን ተመስገን ብዬ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ላንቺ ሊጻፍ የነበረው ደስታ ይህ ነው።

ከልደት በኋላ አበባው ደረቀ። ደርቆም አልወደቀም። ሰዎች እየለቀሙ እንደ እምነት ሊወስዱት ሲጀምሩ እኔ ቡናማውን አበባ ትክ ብዬ አየሁት፤ አንቺ ከባጃጅ ወርደሽ ያየሽው በረንዳ ትዝ አለኝ።

ያቺ ሴት እስካሁን እዚሁ ናት፤ በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው የምንላት። ጠርቼ የዓለም ስምሽ ማነው አልኳት። ዝናሽ አለችኝ። አበባውን ማን ሰጠሽ አልኳት። ምንም ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ የምትደብቀው ነገር እንዳለም አታውቅም። ሰኔ ላይ ድሬዳዋ አንድ የአበባ ድርጅት ስንጎበኝ እንዴት ያምራል ብል ሥራ አስኪያጁ በመቀስ ቆርጦ፣ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ አለች። ጨዋ ሰው ነው ብላ አመሰገነችው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላስቲክ ታሽጎ አንድ ቅጠል አለ። እባክሽ በዚያ ፈሳሽሽ እይውና፣ እኔ የተሳሳትኩ እንደሆነ ቶሎ ንገሪኝ። እንድሳሳት ስጸልይ ነው የሰነበትኩት። አበምኔቱ ለአስተርእዮ ማርያም ከሩቅ ሁሉ እንግዳ ይመጣል ብለው ዳስ እያስጣሉ ነው።

አባትሽ


ድሬዳዋ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ይፍቱኝ። አልተሳሳቱም። ቅጠሉ ሰማያዊ ሆኗል።

በዐብዲራሕማን በኩል ለጠየቁኝ ሁሉ ልመልስ። መርዝ ነው ወይ ላሉት፣ አይመስለኝም፤ ግን ሰው ይጎዳ አይጎዳ እንደሆነ ገና አልተፈተሸም፤ «አይመስለኝም» ደግሞ ለሕመምተኛ አይሰጥም። ስለዚህ ማንም እንዳይቀምሰው፣ ለሕፃንም በውኃ በጥብጠው እንዳይሰጡ። ሌላ አበባ ያበላሻል ወይ ላሉት፣ እሱን ለማወቅ ነበር ግሪን ሃውስ ውስጥ የተዘጋበት። ከሥሩ ይንቀሉት፣ ቅንጥብጣቢ እንዳይቀር፤ ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ አፈሩንም አንድ ላይ ያቃጥሉት። ከሱ ቀንጥሶ የተከለ ሰው ካለም እንደዚሁ።

ይህን ለማድረግ ለሰው መናገር ግድ ይሆንብዎታል። ሌሊት ነቅሎ መጣል ይቻላል፤ ግን ማርያም ወሰደችው ይባልና ተአምሩ ሁለት ይሆናል። እዚያ አበምኔቱና ያ ሁሉ ሰው ፊት መቆም ምን እንደሆነ ይገባኛል። አባቴን አላዝም። ታምሜአለሁ ብለው መተኛትም ይችላሉ፤ ይህን ምክር ከየት እንዳገኘሁት ያውቁታል። ተቆጡ? እኔም ያኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ዝናሽ መጥታ ለመርማሪዎቹ ብትናገር ሮብሌ ነጻ ይወጣል። ያ ቀን አበቦቼ የሚቃጠሉበት ቀን እንደሆነም አውቃለሁ። ትናንት ግሪን ሃውሱ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። ለሥራው አይደለም፣ ለእነሱ ነው። ከአንዲት ቅጠል ቁራጭ ጀምሬ፣ ስንቱ ገርጥቶ ሲሞት ከመሐል ያወጣኋቸው ናቸው። አልቅሼ ስጨርስ ግን ሐሳቤ የነበረበት ነው ያለው። ይላኩልኝ ሴትዮዋን።

የሺአረግ


ከገዳሙ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከወንዝ ውኃ ቀድቼ ተመልሼ ነው፤ ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ ትከሻዬ ስለዛለ ነው። ከአትክልቱ ሥራ ተነሥቼ ውኃ ቀጂ ሆኛለሁ። አይክፋሽ። ለጉልበቴ ሳይበጅ አይቀርም።

አስቀድሜ ለአበምኔቱ ለብቻቸው ነገርኳቸው። አስጨርሰው ሰሙኝ። ከዚያ በዓሉ ይለፍ አሉኝ፤ ሰው ከሩቅ በእግሩ መጥቷል፣ እንዴት ባዶ እንሸኘዋለን? ክፉ አላሉም። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ አንዲት እናት ደረቁን አበባ ለቅማ የታመመ ልጇ አፍ ላይ ልታደርግ ስትል አየሁ። ጮህኩ፣ ልጄ። እኔ በቤተ መቅደስ በር ጮኼ አላውቅም። «አታብይው!» አልኩ። ከዚያ ወዲህ መመለሻ አልነበረኝም።

ይህ አበባ ተአምር አይደለም አልኳቸው። ድሬዳዋ ያለች ልጄ በትምህርት የሠራችው ነው፤ ሳይፈቀድ ወጥቶ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ከእጅ ወደ እጅ ሲሰጣጥ እዚህ ደርሷል። ማርያም ልጅሽን ለመፈወስ ደረቅ አበባ አያስፈልጋትም፣ ሐኪም ዘንድም ውሰጅው አልኩ። ከሕዝቡ ያጉረመረመም ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ሸይጣን ይዞታል አሉ። እናትየዋ ግን አበባውን እጄ ላይ አኖረችው። ጣሳውን ይዤ ወደ ማድ ቤቱ ሄድኩ፣ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት፤ አፈሩን ሳይቀር። የቀነጠሰ ካለ ያምጣ ብዬ ለመንኩ። አንዳንዶቹ አመጡ፤ ያላመጡም አሉና ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ።

ማታ ጉባኤ ተደረገብኝ። ይቅርታ ጠይቅ ተባልኩ። ቅዱስ ቦታ ላይ ስለ ጮህኩ እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለተናገርኩት ነገርም ጠይቅ ሲሉኝ አልጠይቅም አልኩ። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ እምቢ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉን ረስቼው እንደነበር ያወቅሁት ከአፌ ሲወጣ ነው።

ዝናሽ በዐብዲራሕማን መኪና ወርዳለች። ብዙ አልቅሳለች፤ ያ ጨዋ ሰው በእኔ ሰበብ ሊጎዳ ነው ትላለች። ለዘበኛው ግን መቆም አለብኝ ብላ ራሷ ነው የተነሣችው። በደንብ ተቀበያት፤ ማንንም የበደለች ሴት አይደለችም።

አባትሽ፣ ውኃ ቀጂው


ድሬዳዋ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ይፍቱኝ። እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረስዎ። ደብዳቤዎን አንብቤ በኩራት አበድኩ። ለሮብሌም አነበብኩለት፤ እስኪገባው ሁለቴ አስደገመኝና «አባትሽ የእኛ ሰው ነው» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና እሱ አያውቅም።

ዝናሽ ተናገረች። ቀመርን ፊት ለፊት እያየች፣ «እርስዎ አይደሉ እንዴ የሰጡኝ? እንዲያውም ሶፍቱን በውኃ ያራሱት እርስዎ ነበሩ» አለችው፤ ልትጎዳው ፈልጋ ሳይሆን እንዲያስታውስ ልትረዳው ነው። ቀመር ራሱን ያዘ። አዎ፣ እኔ ነኝ አለ። እንግዳ ባዶ እጅ መሸኘት ከበደኝ፣ አንዲት ቅንጣቢ ምን ታመጣለች ብዬ ነው አለ። እውነቱን ነው። እኔም ያን ቀን እዚያ ብሆን መቀሱን ራሴ አቀብለው ነበር ይሆናል። እውነቱን ሲናገር ግን በሮብሌ ላይ የጻፈው ወረቀት አልጠፋለትም፤ እሱን ደግሞ ያረቀቀው እንግዳ ተቀባይነት አይደለም።

ፈቃዱ ተሰረዘ። በሳቢያንና በመልካ ጀብዱ ያሉትን ቆርቆሮዎች ከመርማሪው ጋር በየበሩ እያንኳኳን ሰበሰብን። አንዳንዷ ስታስረክብ ረገመችኝ፤ አንዷ ሻይ አፈላችልኝ። ድርጅቱ የግሪን ሃውሱን ክፍል ዘግቷል፤ እኔም ሥራ የለኝም። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እንደገና ማመልከት ትችያለሽ ብሎኛል፣ በራሴ ስም። አመልክቻለሁ። ከዜሮ ነው፣ ከቅጠል ቁራጭ። ይፍቀዱ አይፍቀዱ አላውቅም፤ ባይፈቅዱም ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ላሰለች እንጂ ልሰለች አልተፈጠርኩም።

አሁን በዐብዲራሕማን ቃል ወደ ላኩልኝ ጥያቄ ልምጣ። «ለዘር የሚሆን አንዲትስ አላስቀረሽም?» ብለዋል። አበባ አይርገፍ ማለትሽን ልቤ አልወደደውም ያሉኝ ሰው ይህን ሲጠይቁ ደስ ብሎኛል። ሁሉም ሰው ይህንኑ ይጠይቀኛል፤ ሲጠይቀኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እንዲህ ነበር። ትልልቆቹ ተክሎች ተቃጠሉ። ብልቃጦቹ ግን በኦቶክሌቭ፣ በዚያ በእንፋሎት መቀቀያው፣ ይገደሉ ተባለ። መደርደሪያውን እኔ ራሴ አወረድኩ፤ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈለግሁም። የመጨረሻዎቹ ብልቃጦች ላይ ስንደርስ መርማሪው አየኝ። ወጣት ነው፣ እሱም የተማረው ይህንኑ ነው፤ ሦስት ዓመት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ስልኩን አወጣና «ትንሽ ላናግር፣ መጣሁ» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ስልኩ አልጠራም ነበር፣ አባ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ቦርሳዬ አጠገቤ ክፍት ነው፣ ብልቃጡ እጄ ላይ ነው፤ ውስጡ ጣት የምታህል ጀራንየም፣ ሥሯ ነጭ፣ ገና ቅጠሏን የዘረጋች።

ፈለግሁ። አልዋሽዎትም፣ በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። ግን ሮብሌ ስንት ቀን ከማዶ ተቀምጦ ሌባ አይደለሁም ያለበትን ግቢ እኔ ሰርቄ ልወጣበት ነው?

«ወንድሜ፣ ተመለስ» አልኩት። «ቆመህ እይ።»

ተመለሰ። ብልቃጧን ከሌሎቹ ጋር አስገባኋት፣ ክዳኑን አጠበቅሁ። እንፋሎቱ ጮኸ።

ሮብሌ እገዳው ተነሥቶለት የመጨረሻው ወር ደመወዙ እስኪከፈለው ድረስ በሩ ላይ ተመልሶ ነበር። ያን ቀን ስወጣ አላስቆመኝም፣ በእጁ እለፊ አለኝ። ቆምኩና ቦርሳዬን ከፈትኩለት። አቦ ተይው አለኝ፤ ፈትሽ አልኩት። እጁን አስገብቶ፣ እስክርቢቶና መሐረብ አንሥቶ አይቶ መለሰልኝ።

ከኋላዬ ቀመር ቦርሳውን ይዞ ቆሟል። ሊያልፍ አንድ እርምጃ ሲራመድ ሮብሌ ዱላውን በሩ ላይ አጋደመና «ወሪያ፣ አንተም» አለው።

ቀመር ከፈተ።

የሺአረግ ሣህሉ